በፈረንሳይ አገር አውቶሞቢል ስለማይገባባቸው የጠጠር መንገዶችና ስለ መሬታቸው አጠባበቅ

በፈረንሳይ አገር ገጠር በቢስክሌት፣ በእግርና በፈረስ ለሚሄዱ ሰዎች ብቻ የተለዩ፣ አውቶሞቢል እንዳይገባባቸው የተከለከሉ ብዙ መንገዶች አሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ ሬንጅ ያልለበሱ፣ ጠጠርና አሸዋ ተደልድሎ የተጠቀጠቀባቸው ናቸው። መንገደኛው በእርሻና በግጦሽ መካከል፣ በውኃ ዳርና በዛፍ ጥላ ሥር፣ የመኪና ጩኸትና አደጋ ሳያገኘው ብዙ ቀን ሊጓዝባቸው ይችላል። ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ያልፈው ይሆናል። ነገር ግን አገር ለሚያስተዳድርና ርስት ለሚጠብቅ ሁሉ ምክር ያለበት ነው፤ ከእነዚህ መንገዶች የሚበዙት አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ወጥተው፣ ያ ሥራ ባለቀ ጊዜ መሬታቸው ሳይበተን የቆየ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመንገዶቹ ምንጭ ሦስት ነው። አንደኛው የጀልባ ቦይ ነው። ሞተር ከመፈጠሩ በፊት ዕቃ የጫነውን ጀልባ በዳር ሆነው በገመድ የሚጎትቱት ፈረሶችና ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በየቦዩ ዳር የጎታቾች መንገድ ይበጅ ነበር። ፒዬር ፖል ሪኬ የተባለው ሰው በ1666 ዓ.ም. ከንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፈቃድ ተቀብሎ ከቱሉዝ ከተማ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ዳርቻ 240 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። እርሱ በ1680 ዓ.ም. ሲሞት ሥራው ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በ1681 ዓ.ም. ተመረቀ። በብሬታኝ አውራጃም የእንግሊዝ መርከቦች የብሬስትን ወደብ በባሕር ስለ ዘጉ፣ ናፖሌዎን በ1811 ዓ.ም. ከናንት እስከ ብሬስት በአገር ውስጥ የሚያልፍ ቦይ እንዲቆፈር አዘዘ። ይህም 364 ኪሎ ሜትር ሆኖ በ1842 ዓ.ም. ተፈጸመ። ዛሬ የጭነት ጀልባ ከሁለቱም ቦዮች ጠፍቶአል፤ የፈረሶቹ መንገድ ግን የቢስክሌተኛ መንገድ ሆኖአል።

ስለ ወንዞችም ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1669 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ፣ ጀልባ በሚሄድበት ወንዝ ዳር ርስት ያለው ሁሉ በሚጎተትበት ወገን 24 ጫማ የሚሆን ስፍራ ክፍት እንዲተው አዘዘ። ዛሬም በፈረንሳይ ሕግ ይኸው ልክ በ7 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ባለርስቱ መሬቱን አልተቀማም፤ መሬቱ የእርሱ ነው፤ ነገር ግን አጥር አያጥርበትም፣ ዛፍም አይተክልበትም። አንድ የሕግ ቃል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይሻር ስለ ኖረ፣ የወንዝ ዳር መንገድ ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ሁለተኛው ምንጭ ምድር ባቡር ነው። ቻርል ደ ፍሬይሲኔ የተባለው የሥራ ሚኒስትር በ1879 ዓ.ም. ባስወሰነው ዕቅድ መሠረት ባቡር እስከ ትናንሽ የገጠር ከተሞች ድረስ እንዲደርስ ተደረገ። በኋላ ግን አውቶሞቢልና ካሚዮን ሲበዙ ብዙ መሥመሮች ገቢያቸው ወጪያቸውን አልሸፍን ስላለ ተዘጉ፣ ሐዲዳቸውም ተነቀለ። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ተራራውን ቈርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግረው፣ መሬቱን ለስላሳ አድርገው ነበር፤ ስለዚህ ሽማግሌም ሕፃንም ሳይደክም ይሄድበታል። በቡርጎኝ አውራጃ ከዥቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር አሮጌ የባቡር መሥመር በ1997 ዓ.ም. ለቢስክሌተኛና ለእግረኛ ተከፈተ፤ ይህ ሬንጅ የለበሰ ነው። በብሬታኝ ግን ከሞርሌ ወደ ካሬ የሚሄደው መሥመር በ1967 ዓ.ም. ተዘግቶ፣ ዛሬ የተጠቀጠቀ አሸዋና ጠጠር መንገድ ሆኖአል። በብዙ ስፍራ አሮጌዎቹ የባቡር ጣቢያዎችና የቦይ ጠባቂዎች ቤቶች ለመንገደኛ ማደሪያና መብል ቤት ሆነዋል።

ሦስተኛው ምንጭ የገጠር መንገድ ነው። በፈረንሳይ ሕግ ይህ ዓይነቱ መንገድ ኮሙን የሚባለው የመጨረሻው ትንሽ የአስተዳደር ክፍል ንብረት ሆኖ፣ ለሕዝብ መመላለሻ የተተወ ነው። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። መንገዱ ሰው ካልሄደበት ሣር ይበቅልበታል፤ ሣር ሲበቅልበት ጎረቤቱ በየዓመቱ አንድ ትልም እየጨመረ ያርሰዋል፤ ሠላሳ ዓመት ከልካይ ካላገኘም በይርጋ የእኔ ነው ለማለት ይችላል። ከዚህም ሌላ በ1941 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የተበጣጠሰ እርሻ እንዲሰበሰብ በተደረገ ጊዜ፣ ለትራክተር የሚመች ሰፊ ማሳ ተገኘ፤ ነገር ግን ብዙ የቁጥቋጦ አጥርና ብዙ የጥንት መንገድ አብሮ ታረሰ። የጠፋው እንዳይበዛ በ2022 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፣ ኮሙኖች መንገዶቻቸውን ለመቍጠርና ለመመዝገብ ሲወስኑ የይርጋው ቍጥር እንዲቆም ተደነገገ።

አውቶሞቢል የማይገባበት መንገድ በፈረንሳይ የመንገድ ሕግ ውስጥ «አረንጓዴ መንገድ» በሚል ስም የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሞተር ለሌለው ተሽከርካሪ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ የተለየ ነው ተብሎ ተጽፎአል። ይሁን እንጂ በየገጠሩ ገበሬው ማሳውን የሚደርስበት መንገድ ይፈልጋል፣ ከብቱንም ያሻግራል፤ ስለዚህ ከባለርስቱና ከገበሬው ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ መሻገሪያውን መለየት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ጠቡ አያልቅም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 3 ሜትር ያህል ነው። ከሥር ድንጋይ ይነጠፋል፤ ከላይ የተፈጨ ድንጋይ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ፣ ውኃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። መካከሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ዝናቡ ወደ ሁለቱ ዳር ቦዮች እንዲወርድ ይደረጋል። ውኃ የተኛበት የጠጠር መንገድ አይሰነብትምና፣ የሥራው ዋና ነገር ይህ ነው። ጠጠር ሲሠራ ከሬንጅ ይረክሳል፣ ለፈረስ ኮቴም ይለሰልሳል፤ ዳሩ ግን ቦዩ ካልተጠረገና ጕድጓዱ ካልተሞላ፣ በእርጥብ ጊዜም ከባድ ትራክተር ከገባበት፣ ፈጥኖ ይበላሻል። ከቱሉዝ በሚነሣው ቦይ ዳር የዛፍ ሥር መንገዱን እየገፋ ያነሣዋል። ከዚህም በላይ በዚያ ቦይ ዳር ቆመው የነበሩት 42,000 ያህል የፕላታን ዛፎች በ2006 ዓ.ም. በታወቀ የፈንገስ በሽታ ተይዘው፣ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩት ተቈርጠዋል፤ በምትካቸውም ልዩ ልዩ ዓይነት ዛፍ እየተተከለ ነው።

መንገድ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ምን እንደሚሆን የናንትና የብሬስት ቦይ ይመሰክራል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ የጌርሌዳን የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሠራ ቦዩ ከሁለት ተከፈለ፤ የቦዩ በሮችና የጎታቾቹ መንገድ በሐይቅ ሥር ቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ግድቡን ለመመርመር ውኃው በተለቀቀ ጊዜ የተሰጠመው ሥራ እንደ ገና ታየ፤ ከዚያም ተመልሶ ተሸፈነ። በዚያ የሚያልፍ ቢስክሌተኛ ሜዳውን ትቶ ሐይቁን በዳገት ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ለአገር ጠቅሞአል፤ ዋጋው ግን ይህ ነበር፤ ዋጋውንም አስቀድሞ አውቆ መወሰን የገዢ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። የሕዝብ መንገድ በካርታና በመዝገብ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ወሰን ለድንበር ገፊ የተተወ ነውና። የመጀመሪያው ትልም በታረሰ ጊዜ ይከልከል፤ በሠላሳኛው ዓመት ቢከለከል ክርክር እንጂ መንገድ አይገኝም። ሥራው ያለቀ የባቡር ወይም የቦይ መሬት በየቍራጩ አይሸጥ፤ ከመካከሉ አንድ ጋሻ ቢሸጥ የቀረው ሁሉ መንገድ መሆኑ ይቀራልና። ሪኬ ቦዩን ያስቆፈረው ስንዴና ወይን ለሚጭን ጀልባ ነበር፤ ቢስክሌት የሚባል ነገር በዘመኑ አልነበረም። መሬቱን ሳይበትኑ የጠበቁት ግን ላላሰቡት መንገደኛ አተረፉለት።