ግፊት ሳይጠፋ ውኃ ሲቀጥን

አሜሪካኖች አርቪ የሚሉት ተሽከርካሪ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ሽንት ቤቱንና ሻወሩን ጭኖ የሚዞር ቤት ነው። አንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው፤ ሌላው በፒካፕ ይጎተታል። አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በዙሪያዋ ነው። ለኢትዮጵያም ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ኤርስትሪም የሚባሉትን ብርማ ተጎታች ቤቶች የፈጠረው ዋሊ ባያም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ በ1960 ካይሮ የገባውን ጉዞ ሲመራ አገራችንን አቋርጧል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል።

አርቪ ገዝቶም ሆነ ለሳምንት ተከራይቶ የሚወጣ ሰው ቶሎ ከሚያሰማቸው ስሞታዎች አንዱ «ሻወሩ ግፊት የለውም» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ግፊቱ አለ፤ የጠፋው የሚፈሰው ውኃ ብዛት ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ደህናውን ፓምፕ አውልቆ አዲስ ይገዛል፤ ችግሩ ግን እዚያው ይቆየዋል።

ወደዚህ ቤት ውኃ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከካምፕ ቦታው ቧንቧ በጎማ ተስቦ፣ በተሽከርካሪው ጎን ባለች መግቢያ በኩል በቀጥታ የሚገባው ነው። ሁለተኛው በራሱ ታንከር ተይዞ፣ በ12 ቮልት በሚሠራ ትንሽ ፓምፕ የሚገፋው ነው። ፓምፑ ግፊትን ያዳምጣል፤ ሩቢኔት ሲከፈት ግፊቱ ወረድ ስለሚል ይነሣል፤ ሲዘጋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፒኤስአይ በሚባለው የግፊት መለኪያ 55 ገደማ ላይ ራሱን ያጠፋል። የተለመደው ዓይነት በደቂቃ እስከ 3 ጋሎን፣ ማለትም 11 ሊትር ያህል ይሰጣል።

እነዚህ ሁለት መንገዶች በነጻ የተገኘ መመርመሪያ ናቸው። ጎማውን ዘግቶ በፓምፕ መታጠብ ነው። በፓምፕ ደህና ሆኖ በጎማው ከቀጠነ፣ ጥፋቱ ውጭ ነው፤ ግፊትን የሚገድበው ሬጉሌተር፣ ማጣሪያው ወይም በመግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት አሸዋ ይዛለች ማለት ነው። በሁለቱም ከቀጠነ ግን የሻወሩ ራስ በኖራ ተደፍኖ፣ አለዚያም ሁለቱ መንገዶች የሚጋሩት የውስጥ ማጣሪያ ሞልቶ ይሆናል።

የካምፕ ቦታ ቧንቧ ግፊት አይታመንም። አንዱ ጋ 40 ፒኤስአይ ሲሆን ሌላው ጋ ከ100 ያልፋል። ውኃው ከኮረብታ ላይ ካለ ማጠራቀሚያ የሚወርድ ከሆነ፣ 10 ሜትር ከፍታ ብቻውን 14 ፒኤስአይ ያህል ይሰጣል። (በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ውስጥ 5 ሜትር ማማ ላይ የተሰቀለ ሮቶ 7 ፒኤስአይ ቢሰጥ ነው፤ የፎቁ ሻወር ለምን እንደሚንጠባጠብ ከዚህ ይገባል።) ማታ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቶ ቧንቧውን ሲዘጋ ግፊቱ ይወጣል። የአርቪ ፕላስቲክ ቧንቧ ራሱ ከ100 በላይ ይችላል፤ የሚበጠሱት መገጣጠሚያዎቹ፣ የሽንት ቤቱ ቫልቭና ጎማው ናቸው። ስለዚህ ግፊቱን ከ45 እስከ 60 መካከል የሚይዝ ሬጉሌተር ያስፈልጋል። ቦታው የካምፑ ቧንቧ አፍ ላይ ነው፤ ከጎማውም ከማጣሪያውም በፊት። ተሽከርካሪው ላይ ከተገጠመ ጎማው ሌሊቱን ሙሉ ያለ ጠባቂ ያድራል።

ርካሹ ሬጉሌተር ጣት የምታህል የናስ ቁራጭ ነው። ግፊቱን ይገድባል፤ ነገር ግን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ውኃውንም አብሮ ያንቃል። በብሎን የሚስተካከለውና ጌጅ ያለው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጭ ዕቃ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ጌጁን ማንበብ ግን መላ አለው። ውኃ በቆመበት ጊዜ፣ በጭቃ የተደፈነ ማጣሪያ ፊትም ኋላም ግፊቱ እኩል ነው፤ ከማጣሪያው በፊት 50 ከሆነ ከማጣሪያው በኋላም 50 ነው። ይህንን አይቶ «ማጣሪያው ደህና ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። ግፊት የሚጠፋው ውኃ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማጣሪያው በኋላ ጌጅ አስገብቶ የወጥ ቤቱን ሩቢኔት ሙሉ በሙሉ መክፈት ነው። መርፌው ከ50 ወደ 42 ከወረደ ምንም አይደል፤ ወደ 20 ከወደቀ ውኃው የሆነ ቦታ ታንቋል። በጎማና በጠባብ መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። አንድ ሰው ሲታጠብ የማይታይ ችግር፣ ሌላው ዕቃ ማጠብ ሲጀምር ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ወደ ማጣሪያው እንምጣ። በተለምዶ ሁለት ይደረደራሉ። የመጀመሪያው አሸዋና ዝገት የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ 5 ማይክሮን የሆነ ነው። ሁለተኛው ካርቦን ነው፤ ክሎሪንን፣ ሽታንና መጥፎ ጣዕምን ይወስዳል። የተጠቀጠቀው ካርቦን እስከ 0.5 ማይክሮን ይደርሳል። ካርቦን የማይሠራውንም ማወቅ ይበጃል፦ በውኃ የሟሟ ኖራንና ጨውን አያስቀርም፤ ስለዚህ አሪዞና በረሃ ውስጥ ሩቢኔቱ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ንጽሕናው ያልታወቀ የጉድጓድ ውኃንም ለመጠጥ የሚሆን አያደርገውም።

በማጣሪያው ውስጥ የሚቀመጠውን ካርትሪጅ መቀየር ከባድ አይደለም፤ ያረጥባል እንጂ። ቧንቧው ይዘጋል፤ ከላይ ያለችው ቀይ ቁልፍ ስትጫን ግፊቱ ፍስስ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ ሰማያዊው መያዣ በፕላስቲክ ቁልፍ ይፈታል። የአሸዋው ካርትሪጅ ውጩ ቡና መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ ሥራውን ሠርቷል። ጥቁሯ ጎሚኒ ከቦይዋ ወጥታ እንዳትወድቅ መያዝ፣ ሲሊኮን ቅባት ቀባ ማድረግና በእጅ ብቻ ማጥበቅ ነው፤ በቁልፍ ያጠበቀ በሚቀጥለው ጊዜ መፍታት ያቅተዋል። አዲስ ካርቦን መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ይተፋል፤ ውኃው እስኪጠራ ወደ መሬት ማፍሰስ ነው።

ብዙዎች ሁለቱንም ማጣሪያ ውጭ፣ ጎማው ላይ ይሰካሉ። እኔ ይህን አልወደውም። ለመታጠቢያ ውኃ 0.5 ማይክሮን ማን ይፈልጋል? ሻወሩን ማቅጠን ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በካርቦን አልፎ ታንከር የገባ ውኃ ክሎሪኑን ስላጣ፣ ሙቀት ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ የሚጠብቀው የለም። የአሸዋውን ውጭ መተው፣ ካርቦኑን ወጥ ቤት የመጠጥ ውኃው ሩቢኔት ሥር መግጠም ይሻላል። ብርጭቆ ለመሙላት ቀስ ብሎ ቢወርድም ማንም አይቸኩልም።

ታንከሩ በበረኪና ሲታጠብ ካርትሪጆቹ አስቀድመው ይወጣሉ፤ ካርቦኑ ክሎሪኑን ይበላዋልና። የተለመደው ልክ ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ሽታ የሌለው በረኪና ነው፤ በየሩቢኔቱ ሽታው እስኪመጣ ከፍቶ ጥቂት ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ክረምት ሲገባም እንዲሁ ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው የበረዶ መከላከያ ፈሳሽ ከመጨመሩ በፊት ካርትሪጆቹ ወጥተው መያዣው ባዶውን ይቀራል፤ በውስጡ ውኃ ከቀዘቀዘበት ይሰነጠቃል። ርጥብ ሆኖ ወራት የከረመ ካርቦን የባክቴሪያ መራቢያ ስለሆነ፣ «ገና ሁለት ወር ነው የሠራው» ተብሎ ለጸደይ አይቀመጥም፤ ይጣላል።