ሽማግሌ ደንበኛና የነጋዴ ማስተዋል

ንግድ ማለት ዕቃን በመደርደሪያ ደርድሮ ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ አይደለም። የሚመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፤ ምን እንደሚያስፈልገውና ምን እንደሚያዳግተው ዐውቆ መገኘት የነጋዴ ዋና ሥራው ነው። በዚህ ዘመን በኢትዮጵያ የሚነግድ ሰው ከአባቶቹ ይልቅ አንድ ነገር አጥብቆ ሊያስተውል ይገባዋል፤ ይኸውም በዕድሜ የገፋ ደንበኛ እየበዛ መሄዱ ነው።

በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ሕዝብ አማካይ ዕድሜ ከ40 ዓመት በታች ነበር። የሕፃናት ሞት ስለ ቀነሰና ሕክምናም ስለ ተስፋፋ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። አገሩ አሁንም የወጣቶች አገር መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ቍጥር እየጨመረ ይሄዳል። ደግሞም በ2003 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 715 ጡረታ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ተደንግጓል። እንግዲህ ዛሬ በዝዋይ ሐይቅ ዳር በአበባ እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራው ወጣት፤ ነገ ወር በገባ ቍጥር ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ገበያ የሚወጣ ሽማግሌ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ነገር አዳሚ ቱሉ ጥሩ ምሳሌ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ሲሆን፤ ከባቱ ከተማ በስተ ደቡብ፤ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ከብት ያረባል፤ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ጃርሳ፤ ማለት ሽማግሌ፤ የእርቅና የምክር ባለቤት ነው። በብዙውም ቤት ምን ዘር እንደሚዘራና ምን መድኃኒት እንደሚገዛ የሚቈርጠው እርሱ ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ ምን ገንዘብ አለውና» ብሎ ችላ የሚለው ባለ ሱቅ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ሁሉ ግዢ ችላ ማለቱ ነው።

ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ እየተሳነው ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. በአገሩ በተደረገ ጥናትም ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በብዙ ቦታ ከጕድጓድ የሚቀዳው ውሃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት፤ በልጅነት ጥርስን ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደነድናል። በዚህ አገር ያረጀ ሰው እንደ ሌላው ጐንበስ ብሎ ዕቃ ለማንሣት ወይም ከፍ ያለ ደረጃ ለመውጣት ቢያቅተው ሊደነቅ አይገባም።

አዳሚ ቱሉ የፀረ ተባይ መድኃኒት ፋብሪካ የተቋቋመባት ከተማ ናት። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት በየገበያው ሲሸጥ የአጠቃቀሙ መጠን አብዛኛውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል፤ አንዳንድ ጊዜም በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ዓይኑ የደከመ ገበሬ ማንበብ እንዳልቻለ መናገር አፍሮ ዝም ብሎ ይሄድና፤ በግምት በጥብጦ ከልክ በላይ የረጨ እንደ ሆነ፤ ጉዳቱ ለሰብሉ ብቻ ሳይሆን ለከብቱና ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። ስለዚህ ሻጩ መጠኑን በገዢው ቋንቋ ይንገረው፤ መለኪያውንም በእጁ ያስይዘው፤ የሰማውንም መልሶ እንዲናገር በአክብሮት ይጠይቀው፤ በትልልቅ ፊደል ጽፎም በዕቃው ላይ ይለጥፍለት። የመድኃኒት ቤት ባለሙያም የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ መድኃኒት ሲሰጥ ይህንኑ ቢያደርግ መልካም ነው። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ አንድ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃ ነው።

የቀረውም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በደጅ ከፀሐይ የሚከልል ዳስና አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቦዩ ላይ የማይወላገድ መሸጋገሪያ፤ በደረጃው አጠገብ መደገፊያ እንጨት ቢኖር ይበቃል። ብቻውን ለሚኖር አሮጊት ወይም ሽማግሌ ዱቄቱን በግማሽ ኪሎ መመዘን፤ የሐይቁን ዐሣ እሾሁን አውጥቶ መሸጥ፤ የከበደውንም ዕቃ በጋሪ እስከ ቤት ማድረስ ደንበኛን ያጸናል። ሕዝብ ስለሚገለገልባቸው ሕንፃዎችም አካለ ስንኩላን የሚገቡበት መንገድ እንዲኖር የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624/2001 ደንግጓል። የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ይህን ሲያስፈጽሙ ለሽማግሌውም ደጅ ይከፍታሉ።

ከ100 ሰው 29 ያህሉ 65 ዓመት ያለፋቸው በሆኑባት በጃፓን፤ ዕቃ የጫነ አነስተኛ መኪና በየመንደሩ እየዞረ በአረጋውያን ደጅ ይሸጣል። በጀርመንም በዕቃ መግፊያው ጋሪ ላይ ማጉያ መስተዋት ያሰሩ መደብሮች አሉ። እነዚህ ነጋዴዎች ይህን ያደረጉት ለምጽዋት ሳይሆን ለትርፋቸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በገንዘብ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ክፍያ በእጅ ስልክ ሆኗል። ፊደሉ የማይታየው ሽማግሌ የምስጢር ቍጥሩን ለጎረቤት ልጅ ወይም ለባለ ሱቁ ይነግራል። በዚያን ጊዜ የራሱ ገንዘብ ጌታ መሆኑ ያበቃል፤ ቢታለልም አያውቅም። ታማኝ ነጋዴ ምስጢሩን አልቀበልም ይላል፤ የሚከፈለውን ልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግራል፤ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ የሆነ እንደ ሆነም ያለ ቅሬታ ተቀብሎ መልሱን በፊቱ ሁለት ጊዜ ይቈጥርለታል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ለሽበት መነሣትን ታዝዛለች፤ ከጥቂት ቍጥር በኋላም በዚያው ምዕራፍ ስለ እውነተኛ ሚዛን ትናገራለች። ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን መጻፋቸው ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። ሽማግሌን «ይቀመጡ» ብሎ ማክበር የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው፤ ነገር ግን የሚገዛውን ዕቃ ራሱ አይቶ፤ ዋጋውን ራሱ ዐውቆ፤ ገንዘቡንም ራሱ ከፍሎ እንዲሄድ ማድረግ ከዚያ የሚበልጥ ክብር ነው። በየደብሩ ያሉ ካህናት ይህን ለነጋዴው ምእመን ቢያስረዱ፤ ሹማምንትም በየገበያው ቢቈጣጠሩ፤ ዛሬ ሱቅ የከፈተው ወጣትም በተራው ሸምግሎ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚጠቀምበትን ሥርዓት ከወዲሁ ያገኛል።