የወይን ተክል ማዳቀል፦ ወቅትና ፀረ-ፈንገስ

ወይን የሚዳቀለው የአንዱን ዝርያ ፍሬ ከሌላው ዝርያ ጠንካራ ሥር ጋር ለማጣመር ነው። ዘዴው የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ የአውሮፓን ወይን ባጠፋች ጊዜ፣ በአሜሪካ የወይን ዝርያዎች ሥር ላይ በማዳቀል ነው። የከርሰ ምድር ውኃዋ ጨዋማ ለሆነባት ጅቡቲ ከተማ እንደ 1103 ፖልሰን ያለ ጨውን በመጠኑ የሚቋቋም ሥር ይመረጣል።

ሁለቱ ቁርጥራጮች፣ ፍሬ ሰጪውና ሥር የሚሆነው፣ የሚገናኙት ካለስ የተባለ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ቁስሉን ሲሞላ ነው። ካለስ በደንብ የሚያድገው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ15 በታች አይፈጠርም ማለት ይቻላል፤ ከ29 በላይ ብዙ ግን በቀላሉ የሚጎዳ ይሆናል። ስለዚህ በከተማዋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምቹ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ40 የሚያልፍበትና ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ የሚነፍስበት ሐምሌ ተክሉን ያደርቃል። ቁርጥራጮቹ ደግሞ በዕረፍት ላይ ካለ፣ ስንቁን በግንዱ ካከማቸ ተክል ሊወሰዱ ይገባል። ሞቃት አገር ወይን በቅጡ ስለማያርፍ፣ ቀዝቀዝ ካለ ቦታ የመጣ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማቀዝቀዣ ይቆያል።

ለካለስ የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ቦትራይቲስ ለተባለው ሻጋታም ይመቸዋል። ቁርጥራጮቹን ከማዳቀል በፊት እንደ ካፕታን ባለ ፀረ-ፈንገስ መንከር ሻጋታውን ይገታል፤ መጠኑ ከመመሪያው ሲያልፍ ግን ካለሱን ያዳክማል። መድኃኒቱ እንጨቱ ውስጥ ወደገባ ፈንገስ እምብዛም አይደርስም፤ ለዚያ በ50 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይረዳል። በመጨረሻም መጋጠሚያው በሰም ይሸፈናል።