በአቶም ኃይል ማመንጫ መሣሪያ ሲለወጥ ፈቃድ የሚጠየቀው መቼ ነው?

በመሥሪያ ቤትዎ አንድ ጉዳይ ከጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይህን እኔ ልፈርምበት ይገባኛልን ወይስ ለበላይ ባለሥልጣን ላቅርበው?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት ሁለት የአቶም ሪአክተሮች እስከ መጨረሻው በተዘጉበት ጉዳይ ውስጥ ከፍ ያለ ክርክር ያስነሣው ይኸው ጥያቄ ነበር። የነገሩን አካሄድ እንደሚከተለው እናስረዳለን፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳን ኦኖፍሬ የተባለው ማመንጫ የሚገኘው በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ ከተሞች መካከል፥ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሪአክተሮቹ በ1983 እና በ1984 መደበኛ ሥራቸውን ጀምረው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሪአክተሩ በውስጡ የሚዘዋወረውን ውኃ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለዋል፤ ግፊቱ ከተራው አየር ግፊት 150 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ ውኃው አይፈላም። ይህ ውኃ ራዲዮአክቲቭ ስለሆነ ወደ ተርባይኑ አይላክም። የእንፋሎት ማመንጫ በሚባለው ታላቅ ጋን ውስጥ፥ በብዙ ሺህ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ፥ ቱቦዎቹን ከውጭ የከበበውን ሌላ ውኃ ያፈላዋል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው ከዚህ ከሁለተኛው ውኃ የሚወጣው እንፋሎት ነው። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንግዲህ ራዲዮአክቲቩ ውኃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከሚከለክሉት አጥሮች አንዱ ይህ ስስ ብረት መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀድሞዎቹ ቱቦዎች እየተሰነጣጠቁ በመምጣታቸው የማመንጫው ዋና ባለቤት ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን አራት አዳዲስ የእንፋሎት ማመንጫዎችን ከጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ገዛ። እያንዳንዱ ከ600 ቶን በላይ የሚመዝን ነበርና እነሱን ለማስገባት ሪአክተሩን ያቀፈው የኮንክሪት ሕንፃ ግድግዳ መቀደድ አስፈለገ።

ይህን ለመሰለው ሥራ በአሜሪካ 50.59 የሚባል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ባለፈቃዱ ድርጅት ከኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ መሣሪያ ሊለውጥ ይችላል፤ ነገር ግን ስምንት ጥያቄዎችን መርምሮ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ለውጡ አደጋ የሚደርስበትን ዕድል ያበዛልን? የአደጋውን ጉዳት ያከፋልን? ቀድሞ ያልታሰበ ዓይነት አደጋ ያመጣልን? የደኅንነቱ ማስረጃ የቆመበትን የስሌት ዘዴ ይለውጣልን? የቀሩትም ይህንኑ ይመስላሉ። ከስምንቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ የሥራ ፈቃዱ እንዲሻሻል ለኮሚሽኑ ማመልከት ግድ ነው።

ይህን ደንብ ያወጡ ሰዎች ቸልተኞች ነበሩ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ቡሎንና ቧንቧ ኮሚሽኑ ይጠየቅ ቢባል ታላቁ ጉዳይ በወረቀት ክምር ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሆኖም የስምንቱን ጥያቄዎች የመጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ለውጡን የሚያደርገው ራሱ ነው። ኮሚሽኑ መልሱን የሚያየው በኋላ፥ ያውም መርጦ በሚያደርገው ምርመራ ነው።

ኩባንያውም ከአንዳንድ የቴክኒክ ወሰኖች በቀር ለአዲሱ መሣሪያ ጠቅላላ ፕላን የፈቃድ ማሻሻያ ሳይጠይቅ ሥራውን በዚሁ ደንብ አከናወነ። መሣሪያው በመጠኑና በአገልግሎቱ አሮጌውን ይመስል ነበር፤ በውስጡ ግን አንድ አልነበረም። የቱቦው ብረት ዝገትን ይበልጥ የሚቋቋም፥ ሙቀትን ግን በጥቂቱ የሚያሳንስ የኒኬል ቅይጥ ሆነ። በዚህም የተነሣ የቱቦዎቹ ቁጥር በአንዱ ጋን ከ9,350 ወደ 9,727 ከፍ አለ፤ ለተጨማሪዎቹም ቦታ እንዲገኝ በመካከል የነበረው ደጋፊ ዓምድ ቀረ። የቱቦዎቹ መደገፊያም ተለወጠ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ በቂ ምክንያት ነበረው።

አዲሶቹ መሣሪያዎች በሁለተኛው ሪአክተር በ2010፥ በሦስተኛው በ2011 ሥራ ጀመሩ። ሦስተኛው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፥ ጥር 31 ቀን 2012፥ አንድ ቱቦ አፈሰሰና ሪአክተሩ ወዲያው እንዲቆም ተደረገ። ፍሳሹ በቀን 280 ሊትር ያህል ስለነበረ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። አስደንጋጩ ከዚያ በኋላ የታየው ነው፤ በሁለቱም ሪአክተሮች ከ3,000 በላይ ቱቦዎች ተፍቀው ተገኙ፤ በሦስተኛው ሪአክተር በግፊት ከተፈተኑት ቱቦዎችም ስምንቱ ፈተናውን ሳይችሉ ቀሩ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በጋኑ የላይኛው ክፍል ያለው ድብልቅ ከሞላ ጎደል ደረቅ እንፋሎት ሆኖ በታላቅ ፍጥነት ያልፍ ነበር። ውኃ ቢበዛበት የቱቦውን ንዝረት ያበርደው ነበር፤ ደረቅ እንፋሎት ግን ይህን ማድረግ አይችልም። የአምራቹ የኮምፒዩተር ስሌት ፍጥነቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ገምቶት ነበር። በቱቦዎቹ መካከል የገቡት የንዝረት መከላከያ ዘንጎችም አንዱን የንዝረት አቅጣጫ እንጂ ሌላውን እንዲይዙ የታሰቡ አልነበሩም፤ ቱቦዎቹም በዚያ ባልታሰበው አቅጣጫ ተወዛውዘው እርስ በርሳቸው ተፋፋቁ። ይበልጥ የሚያስገርመው የሦስተኛው ሪአክተር ዘንጎች ከሁለተኛው ይልቅ በጥንቃቄና በትክክል የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ልካቸው ስለ ሰመረ ቱቦዎቹን ጠበቅ አድርገው አልያዟቸውም፤ ጉዳቱም በዚያ በረታ።

በ2013 ሴናተር ባርባራ ቦክሰር አንድ ደብዳቤ ለሕዝብ ይፋ አደረጉ፤ የኩባንያው ባለሥልጣን በ2004 ለአምራቹ የጻፈው ሲሆን አዲሱ መሣሪያ የአሮጌው ትክክለኛ ምትክ አለመሆኑን ይናገር ነበር። የኮሚሽኑ ዋና ኢንስፔክተርም በ2014 ባወጣው ሪፖርት ተቆጣጣሪዎቹ በ2009 የለውጡን ሰነዶች ሲመረምሩ ድክመቱን ሊያገኙ የሚችሉበትን አጋጣሚ እንዳሳለፉት ገለጠ። ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ ጉድለቱ ይገኝ ነበር ብሎ መማል ግን አይቻልም፤ ለኮሚሽኑ የሚቀርበው ያው የተሳሳተው ስሌት ይሆን ነበርና። በእኔ አስተያየት ልዩነቱ ከጉዳዩ ሌላ ጥቅም የሌለው አንድ ሰው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜና ሥልጣን ይኖረው የነበረ መሆኑ ነው።

ኩባንያው ሁለቱን ሪአክተሮች ለዘለቄታው መዝጋቱን ሰኔ 7 ቀን 2013 አስታወቀ። ባለንብረቶቹ ከአምራቹ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ጠይቀው በ2017 ዓለም አቀፍ ገላጋይ ዳኞች የፈረዱላቸው 125 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ማመንጫውን የማፍረሱ ሥራ በ2020 ተጀምሯል።