የሚሰማ ዲሽና የሚናገር ዲሽ

በመካነ ሰላም ከተማ ጣሪያዎች ላይ የተተከሉትን ዲሾች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ቀድሞ ናይልሳትን ለመያዝ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ በረሃና ከማዶ ወዳለው የጎጃም ምድር መልሰው ይኖሩ የነበሩት፣ የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ለዓባይ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞራቸውንና ከቀድሞው ይልቅ ወደ ሰማይ ቀና ማለታቸውን ያስታውሳል። በዚያ ሰሞን አንድ ጎረምሳ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ፣ ብሎኑን አላልቶ «እማዬ፣ አሁንስ?» ሲል፣ እናቱም ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ፤ መልሰው!» ስትል ሰምቻለሁ፤ በጣት ስፋት የሚመጣውና የሚሄደው ነገር የምን ሥርዓት ፍሬ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ማነሱ ግን ያሳዝነኛል፤ ይህን ያህል እያገለገለ ይህን ያህል ምስጋና የተነፈገ ሥርዓት በዘመናችን አላውቅምና።

ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የተዘረጋው ምሕዋር አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ የተቀመጠች ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ለእኛ የቆመች ትመስላለች። የግብፅ ናይልሳት ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ በ7ኛው ዲግሪ፣ ኢትዮሳትን የተሸከመችው የሉክሰምበርጉ ኩባንያ የኤስኢኤስ ሳተላይት ኤንኤስኤስ-12 በስተ ምሥራቅ በ57ኛው ዲግሪ ይገኛሉ፤ ከመካነ ሰላም ሲለካም የፊተኛዋ ከአድማስ 36፣ የኋለኛዋ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። እነዚህን መቀመጫዎችና የሚያስተላልፉበትን ሞገድ መዝግቦ የሚጠብቀው፣ በ1865 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተመሠረተው፣ መንበሩ በጄኔቭ የሆነው፣ አገራችንም ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው፤ መንግሥታቱም በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ጉባኤ ተቀምጠው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዱባይ እንዳደረጉት፣ ዓለም አቀፉን የሬዲዮ ደንብ ይመረምራሉ። በተድባበ ማርያም ማኅሌት የቀኙና የግራው መዘምራን ተራ ጠብቀው ባይቀባበሉና ሁሉም በየፊናው ባንድ ጊዜ ቢያዜም ድምፅ ይበዛል እንጂ የሚለይ ቃል እንደማይኖር ሁሉ፣ ሁለት አስተላላፊዎችም በአንድ ሥፍራ በአንድ ሞገድ ቢናገሩ ሁለቱም አይሰሙም። በአገር ውስጥ ይህን ተራ የሚያስጠብቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚተላለፈው ፕሮግራም ይዘት ግን የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ፣ ከወግዲ እስከ ከለላ በየገበያው የምሰማው ስሕተት ነው፤ «ሰማዩ የፈጣሪ ነው፤ ለዲሻችን ማንም ምንም ካላለን፣ ለሌላው የሳተላይት መሣሪያ ስለ ምን ፈቃድ እንጠየቃለን?» ይላሉ። መልሱ ያለው ዲሹ ራሱ ላይ ነው። የጣሪያችን ዲሽ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ከላይ የወረደውን ደካማ ሞገድ ለቅሞ ወደ ዓይኑ ይሰበስባል፣ ከዚያም በሽቦ ወደ ሪሲቨሩ ይሰዳል፤ በአገሩ ጣሪያ ሁሉ ላይ ዲሽ ቢተከል ከጎረቤት ድርሻ የሚጎድል የለም፤ አንዳንዶች በስጋት እንደሚያወሩትም የምናየውን ጣቢያ ለሳተላይቷ የሚነግርበት አንደበት የለውም። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና በባንክ ቅርንጫፎች የተተከለው ቪሳት የተባለው ባለ ዲሽ የሳተላይት መገናኛና መንገደኛ ይዞት የሚዞረው የቱራያ የሳተላይት ስልክ ግን ይናገራሉ። የቪሳቱ ዲሽ ጥቂት ቢዛነፍ ወይም ኃይሉ ከልክ ቢያልፍ፣ ቃሉ ያረፈው በጎረቤቲቱ ሳተላይት ላይ ነውና፣ በመካነ ሰላም የተፈጸመው ግድየለሽነት የሌላ አገር ሰው ንግግር ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ የሬዲዮ ደንቡ 18ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም ግለሰብ ወይም ድርጅት ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ ሳያገኝ አስተላላፊ መሣሪያ እንዳያቆም ይከለክላል። እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዲያስተውልልኝ የምለምነው፣ ሳተላይቷ የግብፅ ትሁን የሉክሰምበርግ፣ ፈቃዱ የሚጠየቀው የሚናገረው መሣሪያ ከቆመበት ምድር መንግሥት መሆኑን ነው፤ «ሳተላይቱ የውጭ ነው፤ የእኛ መንግሥት ምን አገባው?» የሚለው ክርክር መሠረት የለውም። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም በበኩሉ ይህን ልዩነት በየወረዳው በግልጽ አማርኛ ማስተማር ግዴታው ነው፤ ሕግ ያልተነገረው ሰው ሕግ ጣሰ ተብሎ ሲወቀስ ደስ አይለኝም።

የሚናገረው መሣሪያ የሳተላይት ብቻ አይደለምና፣ ነጋዴዎቻችንንም ልገሥጽ። ሱቁ ከገደል ጥግ የሆነበት ሰው፣ ስልኩ አልሠራ ሲለው ከገበያ ያገኘውን የኔትወርክ ማጉያ ይገዛና ከቆርቆሮው ላይ ይሰቅላል፤ መሣሪያው የእርሱን ድምፅ ከነጫጫታው እያጎላ ወደ ስልክ ኔትወርኩ ማማ ይረጫል፤ ማማው ከዚህ ጫጫታ መካከል የሌሎቹን ደካማ ስልክ ለይቶ መስማት ያቅተዋል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ኔትወርክ የለም» እያለ ሲያማርር፣ ጥፋቱ ያለው ከአንዲት ሱቅ ጣሪያ ላይ ነው።

ሥዕል በጠፋ ቁጥር ግን ጥፋቱ የሰው አይደለም፤ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ግድም፣ የኢትዮሳት ሥዕል ለጥቂት ደቂቃ ተቆራርጦ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ወዲያውም «አፈኑት» ይባላል። በእነዚያ ቀናት ግን ፀሐይ ከሳተላይቷ ጀርባ በትክክል ታልፋለች፤ ፀሐይም ብርሃን ብቻ ሳይሆን የሬዲዮ ሞገድ ጭምር የምታፈስስ ስለሆነች የሳተላይቷን ደካማ ቃል ትውጠዋለች። ደንብ የማይደርስባት ይህች አስተላላፊ እስክታልፍ ድረስ ብሎኑን ሳይነኩ መታገሥ ይበቃል፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ቢደገም አያስደንቅ።