ባዶ ዕቃን ለአትክልት መትከያ ስለማዋል

የወተት ጣሳ፣ የዘይት ጀሪካንና የተሰነጠቀ ሳፋ ታች ከተበሱ ቆስጣና ሰላጣ ያበቅላሉ። ሥራው ቀላል ስለሆነ ከልጆች ጋር ቢሠራ እንመክራለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። የተባይ ወይም የአረም ማጥፊያ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይውልም፤ መርዙ በፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋልና። ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ ዕቃም ይተው። ልጆችም እንዳይነኩት ይደረግ።

ጀሪካን መቁረጥ፣ የጣሳ ጠርዝ መቀጥቀጥና ከሥሩ 4 ወይም 5 ቀዳዳ በምስማር መብሳት የአዋቂ ሥራ ነው። ቀዳዳ ከሌለ ውሃ ይጠራቀምና የተክሉ ሥር ይበሰብሳል። የዕቃው ጥልቀት ለሰላጣ 15፣ ለቆስጣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን።

የቀረው የልጆች ድርሻ ነው። 2 እጅ ለም አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅለው፣ ከአፉ ሁለት ጣት አጉድለው ይሙሉ። የቆስጣውን ዘር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዘርተው አፈሩ ሳይደርቅ ጠዋት ወይም ማታ ውሃ ያጠጡ። ቆስጣው በ2 ወር ገደማ ይደርሳል፤ የውጭ ቅጠሎቹ ብቻ ከተቆረጡ ከመሐል እንደገና ያቆጠቁጣል።

ፍግ የነካ እጅ ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠብ።