የኋላው ሳይቃና የፊቱ አይቃናም፤ በገላባት መንገድ ስለሚመላለሱ መኪናዎች

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በሸኸዲ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ መተማ በ700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናትና፣ ጭነት የያዘ መኪና በአንድ ጉዞ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ገላባት ይገባል፤ ከገላባትም ጥቁሩን የዋልካ ሜዳ እያቋረጠ ወደ ገዳሪፍ ይቀጥላል። መንገዱ በሁለቱም ወገን አስፋልት የለበሰ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላው ከእርሻው ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ የሚደርሰው በዋልካና በድንጋይ ላይ ስለ ሆነ፣ የመኪናው ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚያ ነው።

የዚህ መሬት ጠባይ በታሪክም የታወቀ ነው። በጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ከኢጣሊያኖች እጅ ለማስለቀቅ ሲነሣ 12 ታንኮች ይዞ ነበር። ምሽጉ በዚያው ጠዋት ተያዘ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በድንጋዩ ምክንያት ተገትተው በመቅረታቸው ወደ መተማ ለመግፋት የታሰበው ጥቃት ተሰናከለ። ብረት ለብሶ የመጣውን ታንክ ያቆመ ድንጋይ የነጋዴውን አይሱዙ ይምረዋል ብሎ ማሰብ ዘበት ነው።

ባሌስትራ ሲሰበር ሰው ሁሉ ያየዋል። እምብዛም የማይታየው፣ ባሌስትራው ከተለወጠ በኋላ የሚመጣው ጉድለት ነው። መኪናው አዲስ ባሌስትራ ገብቶለት ከጋራዥ ይወጣል፤ ነጂውም በቀጥተኛ መንገድ ላይ መሪውን በጥቂቱ አዛንፎ ካልያዘ በቀር መኪናው ወደ አንድ ጎን እንደሚሄድበት ያስተውላል። ተመልሶ ቢያመለክት፣ መካኒኩ እጁን የሚሰነዝረው ወደ ፊት ጎማዎች ነው። የፊቶቹ ዘንጎች ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ፤ መሪውም ይቃናል፤ ገንዘብም ይከፈላል። መኪናው ግን እንደ ሸርጣን በጎን መሄዱን አይተውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኋላ ጎማዎች በመሪ የማይታዘዙ ቢሆኑም መኪናው ወዴት እንደሚገፋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የኋላው አክስል የቀኝ ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ፣ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ወደ ቀኝ ይመለከታሉ፤ የመኪናው ጀርባ ወደ ቀኝ ሲሄድ ፊቱ ወደ ግራ ይዞራል፤ ነጂውም ይህን ለመመለስ መሪውን ወደ ቀኝ እንደ ያዘ ይጓዛል። የማፈግፈጉ ልክ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በሁለቱ ባሌስትራዎች መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር፣ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ደግሞ 4 ሜትር ቢሆን፣ የ10 ሚሊ ሜትር ማፈግፈግ የኋላውን ጎማ ከፊቱ ዱካ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ያወጣዋል። ይህ መኪና ጭነት ይዞ ከአይከል ቁልቁል በዝናብ ሲወርድ ፍሬን በድንገት ቢያዝ፣ ጀርባው ወደ ጎን ሊወረወር የሚችልበት መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎለታል ማለት ነው።

አክስሉ የሚያፈገፍገው በምን ምክንያት ነው? ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ባሌስትራና አክስል በሚገናኙበት ቦታ ነው። በባሌስትራው መሀል ያለው ቡሎን ተደራራቢዎቹን ብረቶች ወግቶ ያስተሳስራል፤ ራሱም በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ አክስሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ይህ ራስ ከተበላ፣ ወይም በቀዳዳው ውስጥ በትክክል ሳይገባ ሌሎቹ ቡሎኖች ከጠበቁ፣ አክስሉ ያለ ችካል ቀረ ማለት ነው። በኮቴ ቅርፅ የታጠፉት ረጃጅም ቡሎኖች አሮጌዎቹ ተመልሰው መግባታቸውም የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንድ ጊዜ የተለጠጠ ቡሎን ሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይዝም። አንዱን ወገን ብቻ ለውጦ ሌላውን የደከመውን መተው፣ ወይም ሸክም ለማብዛት ብረት ማስጨመርም የመኪናውን ቁመና ያዛባል። ጀርባው ከፍ ሲል የፊቱ መሪ ወደ መሀል የመመለስ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ክሮቸራውም ባልለመደው ማእዘን ይዞራል። በባሌስትራው ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎችም መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎናቸው የጠበቀ እንደ ሆነ፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዘው ይቀራሉ፤ ቶሎም ይቀደዳሉ። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ መደረግ አለበት።

ይህን ለመመርመር የግድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ወዳለበት ከተማ መሄድ አያስፈልግም። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋራ ከሚያያዝበት ከፊተኛው ቡሎን አንሥቶ እስከ አክስሉ መሀል ያለውን ርቀት በቀኝም በግራም በሜትር መለካት ነው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ ለከባድ መኪና ዘወትር የሚጠቀሰው የልዩነት ወሰን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህም ሌላ በክረምት ወራት ዋልካው ራሱ መሣሪያ ይሆናል፤ መኪናው በረጠበ ሜዳ ላይ ጥቂት በቀጥታ ተነድቶ ቢታይ፣ የኋላው ዱካ ከፊቱ ዱካ ምን ያህል ወደ ጎን እንደ ወጣ ሕፃንም ያነበዋል።

ለነጋዴ ወገኖቻችን የጎማውን ነገር ደግሞ በቍጥር እናስረዳ። አንድ ጎማ መኪናው ከሚሄድበት አቅጣጫ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ በጎን ይጎተታል። ከጎንደር መተማ ሲደርስ ይህ ጎማ ከ1,700 ሜትር በላይ አስፋልቱ ላይ ተፍቋል። ጉዳቱ ይልቁንም የሚከፋው ሁለት የኋላ አክስል ባላቸው ከባድ መኪናዎች ላይ ነው፤ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርሳቸው ትይዩ ካልሆኑ አንዱ ሌላውን ሲጎትት ይኖራሉና። እንዲህ ያለው ነጋዴ ጎሚስታውን ወይም የጎማውን አገር ከመርገሙ በፊት ሜትር ቢያነሣ ይሻላል።

የመሥሪያ ቤት መኪናዎች ጠባይ ትንሽ ይለያል። በሞላ የሚሠሩት ላንድ ክሩዘሮች ከሻንሲው ወደ አክስሉ በአግድም የተዘረጋ ዘንግ ስላላቸው፣ ረዘም ያለ ሞላ ሲገባላቸው ዘንጉ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። እነ ቪትዝን በመሰሉ ትናንሽ መኪናዎች የኋላ ጎማዎቹን አንድ ወፍራም ብረት ስለሚያያይዛቸው የሚስተካከል ቡሎን የላቸውም፤ ተዛንፈው ከተገኙ የተጣመመ ወይም የተበላ ነገር አለ ማለት ነውና ያንኑ መፈለግ ያሻል። የኋላ ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱት ግን ማስተካከያ ቡሎን አላቸው፤ መካኒኩ ከመፍታቱ በፊት የነበሩበትን ቦታ በቀለም ቢያመለክት ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፣ ሱዳን በ1965 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ የተዛወሩ ሲሆን፣ አስፋልት ደግሞ ውሃ እንዲያወርድ ተብሎ ወደ ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ ጤነኛ መኪናም በጥቂቱ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም። ጉድለት አለ ብሎ ከመፍረድ በፊት መኪናውን ዝቅዝቅታ በሌለው ቦታ መሞከር ይገባል።

በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ በገላባት በር የተሻገረው ስደተኛ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ነው፤ የዕቃውም መመላለስ እንደ ቀድሞው የሚታመን ሳይሆን ቀርቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መኪና በመንገድ ላይ የቀረበት ሰው የሚያጣው የጎማ ዋጋ ብቻ አይደለም። እንግዲህ የጥገና ውል የሚፈርሙ የመሥሪያ ቤት ሹማምንት በውሉ ውስጥ ሁለት ቃል ቢያስገቡ መልካም ነው። አንደኛው፣ የኋላው አክስል ልክ ከሥራው በፊትና በኋላ በጽሑፍ ተመዝግቦ እንዲቀርብ፣ የፊቱም ማስተካከያ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲሠራ ነው። ሁለተኛው፣ መኪናው ጭነት ይዞ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እነዚያ የታጠፉ ቡሎኖች እንደ ገና እንዲጠብቁ ነው፤ አዲስ ባሌስትራ ከሸክም በታች ሲደላደል ይላላሉና። የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ይህ ሁለተኛው ማጥበቅ እስኪፈጸም ድረስ በእጅ ቢቆይ፣ መካኒኩም አይረሳም።